ሜዲትራንያንን ላድን ስል

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ ከሌላ ሰው ሰምታችሁ እንዳትታዘቡኝ ነው። ውሻ እፈራለሁ፤ የታሰረም ቢሆን፣ ገመዱን ማን እንደቋጠረው ስለማላውቅ። ባጃጅ ቁልቁለት ሲይዝ ዓይኔን ጨፍኜ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ እጨርሳለሁ። ርዕሰ መምህሩ «እስቲ ቢሮ ብቅ በል» ያሉኝ እንደሆነ፣ የጠሩኝ ጠመኔ ሊሰጡኝ ቢሆንም፣ በሩ ጋ እስክደርስ ልጆቼን ለማን አደራ እንደምሰጥ አስቤ እጨርሳለሁ። ከሁሉ የሚብሰው ግን ውሃ ነው። ያደግሁት ዲማ አካባቢ ነው፤ ደጋ። ከጉልበት በላይ የሆነ ውሃ ያየሁት ድልድይ ላይ ሆኜ ነው፤ እሱንም የድልድዩን ብረት በሁለት እጄ ጨምድጄ።

ይህ ሰው እንግዲህ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ስለ ውቅያኖስ ያስተምራል። ማዕበሉን፣ ሞገዱን፣ የባሕሩን ወለል በሰማያዊ ጠመኔ ሰሌዳው ላይ እየሳለ ተማሪ ያስደንቃል። አንዱ ደፋር ተነሥቶ «ቲቸር፣ ባሕር አይተው ያውቃሉ?» ያለ እንደሆነ፣ «ወደ ትምህርታችን እንመለስ» ይላል። በሕይወቱ የሚያውቀው ባሕር ባሕር ዛፍ ብቻ መሆኑን ለተማሪ አይነግርም።

ጣጣው የጀመረው ከአንድ ሥልጠና ነው። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ኃላፊዎች ተሰብስባችሁ ኑ ተባልንና ሄድን፤ አዳራሹን አጨለሙና ፊልም አሳዩን። እንደዚያ ያለ አስፈሪ ፊልም አይቼ አላውቅም። ባሕሩ ላይ የኛን ወረዳ የሚያክል የፕላስቲክ ደሴት ተንሳፍፏል። የአንዲት ወፍ ሆድ ሲከፍቱት የፕላስቲክ ክዳን በክዳን ነው። አንድ ኤሊ አንገቱ ላይ ገመድ ተጠምጥሞበት በቀጥታ ወደ እኔ ያያል። ወደ ሌላ ሰው ይሆናል ብዬ ወንበር ቀየርሁ፤ አሁንም ወደ እኔ ነው።

አሠልጣኙ መብራቱን አበራና «እናንተ ከባሕር ርቀናል ብላችሁ እንዳትዘናጉ» አለን። «እዚህ ቦይ ውስጥ የጣላችሁት ሃይላንድ ወደ ጅረቱ፣ ከጅረቱ ጨሞጋ፣ ከጨሞጋ ዓባይ፣ ከዓባይ በረሃውን አቋርጦ ሜዲትራንያን ይገባል።» እኔ ደግሞ ጠዋት ስመጣ ውሃዬን ጠጥቼ ሃይላንዱን በባጃጁ መስኮት ወርውሬው ነበር። እስከዚያ ቀን እኔ ነበርሁ ባሕሩን የምፈራው። ከዚያ ወዲያ ባሕሩ አንድ ቀን ደብረ ማርቆስ ድረስ መጥቶ ስሜን የሚጠራ እየመሰለኝ እንቅልፍ አጣሁ።

ደግነቱ ፊልሙ መድኃኒቱንም ያሳያል። ረጅም ተንሳፋፊ ቱቦ አለ፤ ከሥሩ እንደ ቀሚስ መረብ ተንጠልጥሎለታል። ሁለት መርከብ ጫፍና ጫፉን ይዘው ቀስ እያሉ ሲጎትቱት እንደ ጨረቃ ይጎብጥና ላይ ላዩን የሚንሳፈፈውን ፕላስቲክ ሁሉ እቅፉ ውስጥ ይሰበስባል። ዓሣው በሥሩ ያልፋል። ከዚያ ሰብስበው መርከቡ ላይ ይጭኑታል። እኔ ብቻዬን አጨበጨብሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ፈርቼ ተውሁ።

ትምህርት ቤት ስመለስ ለስንታየሁ ነገርሁት። ስንታየሁ የፊዚክስ መምህርና ጓደኛዬ ነው። ሬዲዮ የተበላሸበት ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል፤ እሱም ይሠራለታል፤ ሠርቶ ሲጨርስ ግን ሁልጊዜ ሦስት አራት ብሎን ይተርፈዋል። «እነዚህ መጀመሪያም አያስፈልጉም ነበር» ይላል።

«ውቅያኖስ ድረስ ምን አስኬዳቸው?» አለ ነገሩን ሰምቶ። «ከመነሻው ነው መያዝ። እዚሁ ጅረቱ ላይ እንሠራዋለን።»

«መርከቡስ?»

«ሁለት ባሕር ዛፍ ይበቃል። ውሃው ራሱ እየሄደ የለም ወይ? ምን መጎተት ያስፈልጋል?»

ይህን ሲለኝ እንዴት እንዳመንሁት! ባዶ የዘይት ጀሪካን ሰብስበን በሲባጎ አያያዝን፤ ቱቦው እሱ ሆነ። የሽንኩርት ጆንያ እየተረተርን ሰፋን፤ መረቡ እሱ ሆነ። ስንታየሁ የጅረቱን ጥልቀት በእንጨት ለክቶ መረቡን እስከ ወለሉ ድረስ አስረዘመው። እኔ ፊልሙን ስላየሁ አንድ ነገር ከነከነኝ።

«የነሱ አጭር ነው» አልሁት። «ከሥሩ ዓሣ እንዲያልፍ ይተውለታል።»

«እዚህ ጅረት ውስጥ ዓሣ አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያ በሩን ለማን ነው የምንተወው?»

መስፋቴን ቀጠልሁ። ከፊዚክስ ጋር መከራከር እፈራለሁ።

አሁን ስለ አማቴ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም የዚህ ነገር ዕዳ በእሳቸው ዓይን ላይ ሊወድቅ ነበር። እማማ የሽወርቅ የባለቤቴ እናት ናቸው፤ አገራቸው መርጡለ ማርያም ነው። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። ሰው ሲመጣ በድምፅ እንጂ በመልክ አይለዩም። ሐኪሙ ለባለቤቴ «ከዚህ በላይ ከቆየ አይመለስም» ብሏታል። የዓይን ሐኪሞች በዘመቻ መጥተው ጳጉሜ አራት ቀን ስማቸው ተመዝግቧል፤ ሐኪሞቹ ከበዓሉ በፊት ይመለሳሉ። አንድ ዓመት ሙሉ ለምነናቸው ነው እሺ ያሉት፤ እሱንም በውል።

«የጦቢትን ዓይን ያበራ ሩፋኤል እያለ ቀድሜ ቢላዋ ሥር አልተኛም» አሉ። «ሩፋኤል ሳያልፍ ልጠመቅ። ኸዚያ ወደፈቀዳችሁት ውሰዱኝ። ሳልጠመቅ ሩፋኤል ያለፈ እንደሆነ ግን አልተፈቀደልኝም ማለት ነው፤ ከነዓይኔ አገሬ እገባለሁ። ማንም እንዳይለምነኝ።»

ሩፋኤል ጳጉሜ ሦስት ነው። እሳቸው ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ከከተማው በታች ወዳለው ጠበል ጠዋት ጠዋት በባጃጅ ይሄዳሉ፤ ማታ ይመለሳሉ። «ተጠመቁ?» ስንላቸው «ወረፋው አልደረሰኝም» ይላሉ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አምስት ቀን። ባለቤቴ ጥፍሯን በላች። እኔ ሄጄ ወረፋውን ልይ እንዳልል፣ ጠበል ቦታ እርኩስ መንፈስ ያደረበት ሰው ሲጮህ እፈራለሁ። በሩ ድረስ አድርሻቸው፣ ተሳልሜ፣ ባጃጁ ሳይዞር ተመልሼ እገባለሁ።

ጳጉሜ ሁለት ከሰዓት በኋላ መረቡን ዘረጋነው። ቦታው ከጠበሉ ዝቅ ብሎ፣ ጅረቱ ከታጠፈ በኋላ ነው። ስንታየሁ ሱሪውን ሰብስቦ ተሻገረና ማዶ ካለው ዛፍ ላይ አሰረ፤ እኔ ወዲህ ካለው ዛፍ ላይ አሰርሁ፤ ውሃው ጫማዬን እንዳይነካኝ እየተጠነቀቅሁ። የጳጉሜ ዝናብ ደግሞ ታውቁት የለ፣ የክረምቱን የቀረ ሁሉ ጠርጎ የሚያወጣበት ነው። ሲጥል አደረ።

በማግሥቱ፣ የሩፋኤል ዕለት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሄደን ስናይ ዓይኔን አላመንሁም። ጀሪካኖቹ እንደ ጨረቃ ጎብጠዋል፤ ልክ እንደ ፊልሙ። እቅፋቸው ሙሉ ሃይላንድ ነው! ጅረቱ አይታይም፤ ሃይላንድ ብቻ። ስንታየሁ ባርኔጣውን አወለቀ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ ዳር ቆሜ መፍራቴን ረሳሁ።

ወዲያው በረጅም እንጨት እየሳብን ማውጣት ጀመርን። ቆጠርናቸው፤ ዘጠና አራት። አንድ ነገር ግን ግራ አጋባኝ። ሁሉም ሃይላንድ ክዳኑ ተገጥሟል፤ በየሆዱ ጠጠር አለ፤ በየአንገቱ ክር ወይም ቁራጭ ጨርቅ ታስሯል። ቀይ ክር፣ ጥቁር ክር፣ የነጠላ ጥለት ቅዳጅ።

«ስንታየሁ፣ ቆሻሻ አንገቱ ላይ ክር ያስራል?»

«ልጆች ሲጫወቱበት ነዋ። አንተ ደግሞ ሁሉም ነገር ያስፈራሃል።»

አመንሁት። ጠጠሩን እያራገፍን፣ ጆንያ ውስጥ ብዙ እንዲገባልን ሃይላንዱን በእግራችን እየረገጥን ጠፍጣፋ አደረግነው። ደስ ሲል! ሁለት ጆንያ ሞላን። ስንታየሁ በሞባይሉ ፎቶ አነሣኝ፤ አንድ እግሬን ጆንያው ላይ ጭኜ፣ አንበሳ እንደ ገደለ ሰው። ፎቶውን እንዳነሣን ለአካባቢ ጥበቃው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ደወልሁ። «ዘጠና አራት ሃይላንድ ወደ ሜዲትራንያን ሲጓዝ በቁጥጥር ሥር አውለን፣ ጨፍልቀን ጆንያ ከተናል» አልሁ። ከየት እንዳመጣሁት የማላውቀው ድምፅ ነበር። ኃላፊው «አሁኑኑ እመጣለሁ!» አሉ።

ስልኩን ኪሴ ከመክተቴ ከላይ ከጠበሉ በኩል አንዲት ሴት ጮኸች።

«ወረፋው! ኧረ ወረፋው የለም! ወረፋው ሄደ!»

ቀጥሎ ሌላ ሰው፤ ቀጥሎ አጥቢያው በሙሉ። ከመታጠፊያው ወዲያ ወጥተን ብናይ፣ ጠበሉ ሥር ያለው መስክ ትናንት ሣር ነበር፤ ዛሬ ሐይቅ ሆኗል። ሰው ዳር ዳሩን እየሮጠ ራሱን ይይዛል። አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ቆመው፣ ለማን እንደሚናገሩ ሳያውቁ ይናገራሉ፤ ነገሩን ያስረዱኝም እሳቸው ናቸው። ጠበሉ ከቋጥኝ ሥር በቀጭኑ ነው የሚወርደው። አጥማቂው አባ ሞላ አንድ በአንድ ነው የሚያጠምቁት። ሰው ቀን ሙሉ ዝናብ ላይ መቆም ስለማይችል፣ ሃይላንዱን ነፋስ እንዳይወስድበት ጠጠር ይከትበታል፣ እንዲያውቀው ክር ያስርበታል፣ መስኩ ላይ በተራው ያስቀምጠዋል፤ ራሱ መጠለያው ውስጥ ይቀመጣል። ሰው ያርፋል፣ ሃይላንዱ ይሰለፋል። ጠበል ቦታ የሰው ሃይላንድ የሚነካ እጅ የለም።

እጅስ አልነካውም። የኛ መረብ እስከ ወለሉ ደርሶ፣ ሌሊቱን ቅጠሉና ገለባው ጭቃው ሲጠራቀምበት ግድብ ሆነ። ውሃው መሄጃ ቢያጣ ወደ ኋላ ተመልሶ መስኩ ላይ ተኛ፤ የሰውን ወረፋ ከፊት እስከ ኋላ ቀስ አድርጎ አነሣውና ወደ እኛ አመጣው። እኛም ተቀብለን ረገጥነው።

 ሮጥሁ እንዳልላችሁ፣ ፈሪ ሰው ሁሉ ሩጫ የሚችል ይመስላችኋል። እኔ ስፈራ የምቀመጥ ዓይነት ነኝ። ተመልሼ ጆንያው ላይ ተቀመጥሁበት።

«ዝም በል» አለኝ ስንታየሁ በሹክሹክታ። «ያደረገው የውሃ ግፊት ነው። እኛ አይደለንም።»

ዝምስ እል ነበር። ግን እኔ በተንቀጠቀጥሁ ቁጥር የተረገጠው ሃይላንድ ከሥሬ ወደ ቦታው እየተመለሰ ጧ! ጧ! ይላል። መንቀጥቀጤን ለማቆም ብሞክር ባሰብኝ።

ሕዝቡ ውሃውን ሲሸሽ እኛው ወዳለንበት ዳር ወጣ። ጠቡም አብሮ መጣ። «መጀመሪያ የነበርሁ እኔ!» «አንቺማ ትናንት ከሰዓት ነው የመጣሽ!» «እኔ ከእነማይ ድረስ በእግሬ መጥቼ!» ዘጠና አራት ሰው፣ ዘጠና አራቱም ፊተኛ ሆነ። አንዱ በሽተኛ ወንድሙን አዝሎ ይጮሃል፤ አንዷ ሕፃኗን ከፍ አድርጋ ታሳያለች።

አባ ሞላ መስቀላቸውን ይዘው ወረዱ። ቀጭን፣ ድምፃቸው ግን ቀጭን ያልሆነ ሰው ናቸው።

«ዛሬ ሩፋኤል ነው!» አሉ። «በጠብ መካከል ጠበል አላወርድም። በሩን ዘግቼዋለሁ። ወረፋችሁን ተስማምታችሁ ስትመጡ እከፍታለሁ፤ ካልተስማማችሁ ቀኑ ይለፍ። ይህን ነገር ያደረገ ሰውም ኸመካከላችሁ ካለ አሁን ይናገር። ዝም ካለ ግን እገዝተዋለሁ።»

ልናገር አፌን ከፈትሁ፤ ማርያምን፣ ከፍቼ ነበር። የወጣው ግን ሳል ነው።

«ልጄ፣ አንተ ነህ እንዴ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። «ሳልህን አወቅሁት።» ያን ቀን ባጃጁ ብቻቸውን ያደረሳቸው እማማ የሽወርቅ በበትራቸው መንገዱን እየፈተሹ መጡና፣ ክንዴን ዳብሰው አጠገቤ ጆንያው ላይ ተቀመጡ። ጧ!

«ምንድን ነው የተቀመጥንበት?»

«ድንች ነው፣ እማማ።»

«ድንች እንዲህ ይንጣጣል?»

«አዲስ ዓይነት ዘር ነው።»

በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። «ወረፋው ጠፋ ይላሉ። በሩም ተዘጋ። እንግዲህ ሩፋኤል አለፈኝ። አልተፈቀደልኝም ማለት ነው፤ ነገ አገሬ እገባለሁ።» ይህን ሲሉ ፊታቸውን አየሁት። ያዘነ ሰው ፊት አይመስልም። ከደብተራ ዱላ ያመለጠ ተማሪ ፊት ይመስላል። ምን እንደሆነ ግን ያን ጊዜ አልገባኝም፤ የራሴ ነገር ይበቃኝ ነበር። እኚህ ሴት ነገ ሐኪም ቤት ካልገቡ ይታወራሉ፤ ያሳወርኋቸው ደግሞ እኔ ነኝ፤ ሜዲትራንያንን ላድን ብዬ።

ልናገር ነው አልሁ። ዛሬስ እናገራለሁ። ተነሣሁ።

ያን ጊዜ ባጃጅ መጣ። ኃላፊው ከነከረባታቸው ወርደው፣ በጭቃው እየዘለሉ፣ ከሩቁ እጃቸውን ዘርግተው «መምህራን! እንኳን ደስ ያላችሁ!» አሉ። ሕዝቡን ሲያዩ ለአቀባበል የተሰበሰበ መሰላቸው። «ወገኖቼ፣ እነዚህ ሁለት መምህራን በሠሩት ቴክኖሎጂ ዛሬ ጠዋት ብቻ ዘጠና አራት ሃይላንድ ሰብስበው፣ ጨፍልቀው፣ ጆንያ ውስጥ ከተዋል! ሞቅ ያለ ጭብጨባ!»

አንድ ሰው አላጨበጨበም። ዝምታው ውስጥ ጆንያው ጧ አለ።

ስለ አሟሟቴ ብዙ ጊዜ አስቤ አውቃለሁ፤ በጎርፍ፣ በባጃጅ፣ በውሻ። በሃይላንድ እሞታለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ሴቶቹ ጆንያውን ነጥቀው ደፉት። እያንዳንዷ ክሯን ፈልጋ ጠፍጣፋ ሃይላንዷን እያነሣች «ይቺ የኔ ናት!» ትላለች፤ አንስታም እኔን ታየኛለች። ስንታየሁ ስለ ግፊት ሊያስረዳ ጀመረ፤ አንዱ ጎልማሳ በትሩን ከትከሻው ሲያወርድ ተወው። ኃላፊው ባጃጃቸው ውስጥ ተመልሰው ተቀምጠዋል።

«አንተ ነህ?» አሉኝ አባ ሞላ።

«እኔ ነኝ፣ አባ።»

«ያፈረስኸው አንተ ከሆንህ መልሰህ ሥራው። ማን ፊት፣ ማን ኋላ እንደ ነበረ አንድ በአንድ አስቀምጥ። ካልቻልህ የዚህ ሁሉ ሕዝብ ሩፋኤል ባንተ አንገት ነው።»

ዘጠና አራት ጠፍጣፋ ሃይላንድ አየሁ። ዘጠና አራት ሰው አየኝ። የሆነውን ልንገራችሁ፤ አለቀስሁ። የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው፣ የክበብ ኃላፊ፣ ተማሪ በሚያልፍበት መንገድ ዳር እንደ ሕፃን አለቀስሁ። እማማ የሽወርቅ እጃቸው ክንዴ ላይ ነበር፤ ስንቀጠቀጥ ይሰማቸዋል። እጃቸውን ሊያነሡ አሉ፤ መልሰው ያዙኝ። 

«ተዉት» አሉ በመጨረሻ። «ልጁን ተዉት። ወረፋውን እኔ አውቀዋለሁ።»

«አንቺ? በምን ዓይንሽ?» አለች ባለ ቀይ ክሯ ሴት።

«በእጄ። መጀመሪያ አንቺ ነሽ፤ ቀይ ክር፣ ሁለት ቋጠሮ። ኸኋላሽ ያ ወንድሙን ያዘለው፤ የሱ የቆዳ ጠፍር ነው። ኸሱ ቀጥሎ የሕፃኗ እናት፣ የነጠላ ጥለት። ኸዚያ ሲያስላቸው የሚያድሩት አዛውንት፣ ጥቁር ሱፍ…»

ቀጠሉ። ሃይላንዱን እያቀበልናቸው፣ ክሩን ዳብሰው የባለቤቱን ድምፅና አገር እየጠሩ፣ ከአንድ እስከ ዘጠና ሦስት ደረደሩት። አንድ ሰው «አይደለም» አላለም። ሁሉም «እውነት ነው፣ እውነት ነው» እያለ ቦታውን ይዞ ይቆማል። ስንታየሁ በዚህ መካከል ቢላዋ ለምኖ ሄዶ የመረቡን ቀሚስ ከጀሪካኖቹ ሥር ስንዝር ብቻ አስቀርቶ ሸለተው፤ ውሃው እየጮኸ ወረደ፤ መስኩም ሣር ሆነ።

«እርስዎስ የት ነበሩ፣ እማማ?» አለ አንዱ።

«እኔ መጨረሻ ነኝ።»

«እንዴ! እኔን እኮ ትናንት ከፊቴ ግባ ብለው ቦታዎን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት!» አለ ባለ ጠፍሩ። «ለኔም!» አለች የሕፃኗ እናት። «ለኔም ቅዳሜ ዕለት!» «ለኔም!» ዳር እስከ ዳር «ለኔም» ሆነ። «እንዲህ ያለ ደግ ሰው!» እያሉ መረቋቸው።

እኔ ግን በጣቴ ቆጠርሁ። አምስት ቀን። አምስት ቀን ሙሉ ተራቸው ሲደርስ ለሰው እየለቀቁ፣ ማታ ማታ ሃይላንዳቸውን አንሥተው የሌላውን እየዳበሱ እስከ መጨረሻው ወርደው ሲያስቀምጡ ነበር። ወረፋውን ያወቁት እንደዚያ ነው። ከተጠመቁ ሐኪም ቤት መሄድ ሊኖር ነዋ! ዛሬ ደግሞ በሩ ተዘግቶላቸው፣ ቀኑ ሊያልፍላቸው፣ አገራቸው ሊገቡ ሲሉ፣ ለኔ ብለው ማምለጫቸውን በገዛ አፋቸው ዘጉት።

አባ ሞላም የገባቸው ይመስለኛል። «የሽወርቅ» አሉ ዝግ ብለው። ሕዝቡ ግን ስለ ወረፋ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ቃል ተስማማ። «እሳቸው ይቅደሙ!»

ጥፍራቸው ክንዴ ውስጥ ገባ። «ፈራሁ፣ ልጄ» አሉኝ በጆሮዬ። «ጠበሉን አይደለም። ኸጠበሉ ወዲያ ያለውን።»

«እኔም ፈርቻለሁ፣ እማማ።»

«አንተማ መቼ ያልፈራህበት ቀን አለ?»

ሊለቁኝ ስላልቻሉ አብረን ገባን። አባ ሞላ ሁለታችንንም አጠመቁን፤ እኔን ከነጃኬቴ፣ ከነሞባይሌ። ያ ውሃ እንዴት ይቀዘቅዛል! ጩኸቴን የሰሙ ሰዎች እርኩስ መንፈስ የወጣልኝ መስሏቸው እልል አሉ።

በማግሥቱ፣ ጳጉሜ አራት፣ ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ ከሌሎች በሽተኞች ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠናል። ባለቤቴ ካርድ ልታወጣ ሄዳለች። እማማ የሽወርቅ ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ትናንት ያን ሁሉ ሕዝብ ፊት ስለ ሃይላንዱ እንዴት ጨክነህ ተናገርህ?» አሉኝ።

«እኔ የት ተናገርሁ? ሰው ነው የተናገረብኝ።»

ይህን ሲያስቡት ነርሷ በሩን ከፍታ «የሽወርቅ!» ብላ ጠራች። አልተነሡም። «የሽወርቅ የሚባሉ!» እማማ ወደ ጎናቸው ዞረው አጠገባቸው ለተቀመጡት ሽማግሌ «አባቴ፣ እርስዎ ይግቡ፤ እኔ አልቸኩልም» አሉ። ሽማግሌው ደንግጠው «ኧረ በፍጹም! እሳቸው ይግቡ» ብለው ወደሚቀጥለው አሳዩ። የሚቀጥለውም ወደሚቀጥለው። አግዳሚው ወንበር ሁሉ እየተግደረደረ እስከ ጫፉ ደረሰ። እንዲህ ጨዋ የሆነ ወረፋ አይቼ አላውቅም። ነርሷ ወረቀቷን አይታ «ከሌሉ ሌላ ልጥራ» አለች።

እማማ የሽወርቅ እጄን ጨበጡት። 

«ልጄ» አሉኝ፣ «እኔም አልችልም። አንተ ተናገርብኝ።»

ብድግ አልሁ። ክፍል ውስጥ እንኳ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። «እዚህ ናቸው!» አልሁ። «የሽወርቅ እሳቸው ናቸው! ተራው የእሳቸው ነው!» ኮሪደሩ በሙሉ ዞሮ አየኝ፤ ይየኝ።

ነጠላቸውን አውልቀው ሰጡኝና፣ በበትራቸው መሬቱን እየፈተሹ ገቡ። በሩ ሲዘጋ ነጠላው እጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር።